ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚከት ልጅ፦ መቼ እንጠብቀው? መቼስ እናሳክመው?



«ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው የሚከተው» የማይል የሕፃን ወላጅ ጥቂት ነው። የሪሞት ክዳን፣ የጫማ ማሰሪያ፣ የአባቱ መስበሃ፣ ምንጣፍ ላይ የወደቀ ቆሎ፣ ግቢ ውስጥ ያለ አፈር፣ የሁሉም መጨረሻ አፍ ነው። አብዛኞቻችን ለዚህ የምንሰጠው መልስ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «ተው!» ብለን እንጮሃለን፣ እጁንም መታ እናደርጋለን፤ ወይ ደግሞ «ልጅ አይደል፣ ሲያድግ ይተዋል» ብለን እናልፈዋለን።

ሁለቱም ልጁን አይጠብቁትም። ጩኸት ገና ነገሩ ለማይገባው ልጅ ትርጉም የለውም። ዝም ማለት ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ነፍስ ሊያጠፋ የሚችል አደጋን ወይም ታክሞ የሚድን ሕመምን ሳናየው እንዲያልፍ ያደርጋል። ነገር ወደ አፍ መክተት በአንድ ዕድሜ ላይ የጤናማ እድገት ምልክት ነው፤ በሌላ ዕድሜ ላይ ደግሞ የሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። ይህን ልዩነት ማወቅ የወላጅ ድርሻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልጆች ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ፣ ቤታችንን እንዴት እንደምናዘጋጅላቸው፣ መቼ ወደ ሐኪም መሄድ እንዳለብን እና አደጋ ሲደርስ ምን እንደምናደርግ እናያለን፤ ኢንሻአላህ።

ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አያያዝ የምንማረው

ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የልጅ ልጅ ሐሰን ኢብን ዐሊይ (ረ.ዐ) ገና ሕፃን ሳለ ለሰደቃ ከመጣ ተምር አንዷን አንስቶ ወደ አፉ ከተተ። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ዐረቦች ሕፃን ልጅ አንድን ነገር ከአፉ እንዲተፋ ሲፈልጉ የሚያሰሙትን «ኪኽ፣ ኪኽ» የሚል ድምፅ አሰሙት። ተምሯን እንዲጥላት አደረጉ። ከዚያም የእርሳቸው ቤተሰብ ሰደቃ እንደማይበላ ነገሩት።

ዑለማዎች ከዚህ ሐዲስ በዋናነት የሚያወጡት ስለ ሰደቃ ያለውን ሑክም ነው። ለወላጅ ግን ሌላም ትምህርት አለው። አንደኛ፣ ነገሩን «ልጅ ነው» ብለው አላለፉትም፤ ወዲያውኑ አስቆሙት። ሁለተኛ፣ ያናገሩት ሕፃን በሚገባው ድምፅ ነው፤ እኛ «ካካ ነው፣ ጣለው» እንደምንለው ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ልጁ ትንሽ ቢሆንም ምክንያቱን ነገሩት። በዘገባው ውስጥ ዱላም ስድብም የለም።

በሸሪዓችን ልጅ ለአካለ መጠን እስኪደርስ ድረስ ኃጢአት አይጻፍበትም። ስለዚህ አፈር የሚበላ ወይም ሳሙና የሚልስ ሕፃን «ባለጌ» ወይም «ጥፋተኛ» አይደለም። ተጠያቂነቱ ያለው አማናውን በተረከብነው በእኛ ላይ ነው።

ሕፃን ለምን ነገር ወደ አፉ ይከታል?

ሕፃን ልጅ ከሦስትና ከአራት ወር ገደማ ጀምሮ እጁን፣ ቀጥሎም በእጁ የያዘውን ሁሉ ወደ አፉ መውሰድ ይጀምራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። በዚያ ዕድሜ ጣቶቹ ገና በደንብ አልታዘዙለትም፤ ከንፈሩና ምላሱ ግን በጣም ንቁ ናቸው። አንድ ነገር ለስላሳ ይሁን ሻካራ፣ ቀዝቃዛ ይሁን ሞቃት፣ ጠንካራ ይሁን ልስልስ የሚያውቀው በአፉ ነው። እኛ ዕቃን በዓይናችን አይተን በእጃችን ዳሰን እንደምናውቀው እርሱ ቀምሶ ያውቃል።

ልጁ መቀመጥና መዳህ ሲጀምር፣ ማለትም ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ባለው ጊዜ፣ ይህ ባሕርይ በጣም ይበረታል። የጥርስ መውጣትም ይጨመርበታል፤ ድዱ ሲያሳክከው የሚያኝከውን ይፈልጋል። ከአንድ ዓመት በኋላ እጁና ዓይኑ ሥራውን እየተረከቡ ይመጣሉ፤ በሁለት ዓመት አካባቢ በግልጽ ይቀንሳል፤ ሦስት ዓመት ሲሞላው አብዛኛው ልጅ ትቶታል። ልጁ ሲርበው፣ እንቅልፉ ሲመጣ፣ ሲሰለቸው ወይም ሲከፋው ግን ከዚያም በኋላ አልፎ አልፎ ሊመለስበት ይችላል።

እንግዲህ የአንድ ዓመት ልጅን ፈጽሞ ምንም ነገር ወደ አፉ እንዳይወስድ መከልከል አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። የእኛ ሥራ ወደ አፉ የሚሄደው ነገር ንጹሕና አደጋ የሌለው እንዲሆን ማድረግ ነው።

ተቅማጡ ከጥርሱ አይደለም

እዚህ ላይ በብዙ ቤት የሚደረግን አንድ ስሕተት ማንሳት ያስፈልጋል። ሕፃኑ ጥርስ በሚያወጣበት ወራት ተቅማጥ ወይም ከፍተኛ ትኩሳት ሲይዘው «ጥርሱ ነው» ይባላል። ጥርስ ማውጣት ድድ ያሳክካል፣ ለሐጭ ያበዛል፣ ያነጫንጫል፤ ተቅማጥና ከፍተኛ ትኩሳት ግን አያመጣም። ተቅማጡን የሚያመጣው በዚያው ጊዜ መዳህ የጀመረው ልጅ ከወለል አንስቶ ወደ አፉ የሚከተው ቆሻሻና ጀርም ነው።

ልዩነቱ የሕይወት ጉዳይ ነው። «ጥርሱ ነው» ያለ ቤተሰብ ልጁን በጊዜ አያሳክምም። ከዚያም አልፎ አንዳንዶች ገና ያልወጣውን ጥርስ ከድድ ውስጥ ወደሚያወጡ ወይም እንጥል ወደሚቆርጡ ሰዎች ይወስዱታል። የወተት ጥርስ ማስነቀልና እንጥል ማስቆረጥ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን የሚያስከትሉ ጎጂ ልማዶች ናቸው፤ ልጅ ሞቶባቸዋል። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ የሚያስፈልገው የእናት ጡት ሳይቋረጥ ኦ አር ኤስና ዚንክ እንዲያገኝ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

ድዱ ላሳከከው ልጅ በንጹሕ ውኃ የራሰና በፍሪጅ የቀዘቀዘ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ አንድ ወጥ የድድ ማሻ መስጠት ይበቃል። ድድ የሚያደነዝዙ ቅባቶችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መቀባት አይገባም።

ቤታችንን በእርሱ ቁመት እንየው

ልጁ የሚያየውን ለማየት አንድ ጊዜ ወለል ላይ ተንበርክከን ክፍሉን እንዙር። ከሶፋ ሥር፣ ከምንጣፍ ጠርዝ፣ ከአልጋ ስር ቆመን የማናየው ብዙ ነገር እናገኛለን። አንድ ቀላል መለኪያ አለ፦ የሶፍት ጥቅል ሲያልቅ የሚቀረውን የካርቶን ቱቦ እንውሰድ። በዚያ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም ዕቃ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ትንሽ ነው፤ ሊያንቀው ይችላል።

በእኛ ቤቶች በተለይ ሊታዩ የሚገባቸው እነዚህ ናቸው፦

መስበሃ። ሕፃናት የወላጃቸውን መስበሃ ማኘክ ይወዳሉ። ክሩ ያረጀ መስበሃ ሲበጠስ ፍሬዎቹ በአንድ ጊዜ ይበተናሉ። ከሶላት በኋላ መስገጃው ላይ ትተነው አንነሳ።

የተስቢሕ መቁጠሪያ። በጣት የሚጠለቀው ዲጂታል መቁጠሪያ ውስጡ ክብ የሰዓት ባትሪ አለው። እንዲህ ያለው ባትሪ በመኪና ሪሞት፣ በሚዛን፣ በሚበራ መጫወቻና በሙዚቃ ካርድ ውስጥም ይገኛል። ባትሪው በልጅ ጉሮሮ ውስጥ ከቀረ ከምራቁ ጋር ተገናኝቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧውን ሊያቃጥልና ሊበሳ ይችላል። ክዳኑ በብሎን የማይታሰር ማንኛውም ዕቃ ከልጅ እጅ ይራቅ፤ ያለቀ ባትሪም መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥ።

የሒጃብ ስፒል። እዚህ ላይ አደጋው ለሕፃን ብቻ አይደለም። ሴቶች ሒጃብ ሲያስሩ ስፒሉን በከንፈራቸው ይይዛሉ፤ በዚያ መሐል ሲናገሩ ወይም ሲስቁ ስፒሉ ወደ አየር ቧንቧ ይገባል። በብዙ ሙስሊም ሀገራት ያሉ ሐኪሞች ይህ በተለይ በወጣት ሴቶች ላይ ደጋግሞ እንደሚያጋጥም ጽፈዋል። ትንሿ ልጅም እናቷ ስፒል በአፏ ስትይዝ አይታ ያንኑ ታደርጋለች። ስፒሉ ክዳን ባለው ሣጥን ይቀመጥ፤ ማናችንም በአፋችን አንያዘው።

የተምር ፍሬ። በረመዷን ኢፍጣር ላይ በቤትም በመስጂድም ፍሬው በየሳሕኑና በየምንጣፉ ዳር ይቀራል። ወደ መግሪብ ሶላት ከመቆማችን በፊት ፍሬውን ሰብስቦ መጣል ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ለሕፃን ተምር ስንሰጥም ፍሬው ወጥቶ፣ ፈጭተን ወይም አድቅቀን ይሁን።

ቆሎና ኦቾሎኒ። ለቡና ቁርስ የሚቀርበው ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ሽንብራ ከአራትና ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። የመንጋጋ ጥርሱ ስላልጠነከረ አያደቀውም፤ ሲስቅ ወይም ሲሮጥ ወደ ሳንባው ይገባል። ደህና የነበረ ልጅ ድንገት ሳል ጀምሮት፣ ሲተነፍስ ሲጢጥ ካለ ጉንፋን ነው ብለን አንተወው፤ ለሐኪሙ ምን ሲበላ ወይም ሲጫወት እንደነበር እንንገር።

ፊኛ። በዒድ ቀን ለልጆች የምንገዛው ፊኛ ሲፈነዳ ቁራጩ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ አየር ይዘጋል፤ ለማውጣትም አስቸጋሪ ነው። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ወዲያው ይለቀም።

ማግኔት። የፍሪጅና የመጫወቻ ትንንሽ ማግኔቶች ሁለት ከተዋጡ በአንጀት ውስጥ እርስ በርስ ተሳስበው አንጀት ይበሳሉ።

በሃይላንድ ጠርሙስ ያለ ፈሳሽ። በረኪና፣ ላምባ ወይም የቀለም ማቅጠኛ በውኃ ጠርሙስ ማስቀመጥ ልጁን ሆን ብሎ የማሳሳት ያህል ነው። ልጅ ጠርሙሱን የሚያውቀው በውኃነቱ ነው። በራሱ ዕቃ፣ ተቆልፎ፣ ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

በአንገት የሚታሰር ክር። ለሕፃን አንገት ላይ የሚንጠለጠል ክር፣ ዶቃ ወይም ሒርዝ ሊያንቅ ይችላል፤ ልጁም ያኝከዋል። ልጆቻችንን ለመጠበቅ ሱናው ያስተማረን ዱዓና የጧትና የማታ አዝካር ነው።

ስለ ኩል ዝም ማለት አይቻልም

በብዙ ቤተሰብ ለአራስ ልጅ ዓይን ኩል መቀባት የተለመደ ነው። በሐዲስ የተጠቀሰው ኢስሚድ የሚባለው የኩል ዓይነት መሆኑ ይታወቃል። ችግሩ ዛሬ በገበያ ላይ የሚሸጠው ነው። በተለያዩ ሀገራት በቤተ ሙከራ ሲመረመሩ ብዙ የኩል ዓይነቶች በአብዛኛው እርሳስ ከተባለው መርዛማ ብረት ከተገኘ ድንጋይ የተፈጩ ሆነው ተገኝተዋል። «ኢስሚድ» የሚል ጽሑፍ በዕቃው ላይ መኖሩ ብቻ ዋስትና አይሆንም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኩል ለመዋቢያነት እንዲሸጥ አይፈቅድም፤ ምክንያቱም ይኸው እርሳስ ነው።

ልጁ ዓይኑን ያሻል፣ ከዚያም እጁን ወደ አፉ ይከታል። የሕፃን አንጀት ከአዋቂ ይልቅ እርሳስን በብዛት ይመጥጣል፤ የዓለም የጤና ድርጅት ከአራት እስከ አምስት እጥፍ እንደሚደርስ ይገልጻል። እርሳስ የአእምሮን እድገት ይጎዳል፤ ጉዳት አያደርስም የሚባል መጠን የለውም። ስለዚህ ለሕፃን ኩል አለመቀባት ከሱናው መውጣት አይደለም፤ በሸሪዓችን ዘንድ ጉዳትን ማስወገድ ራሱን የቻለ መሠረት ነውና።

የእርሳስ ሌሎች ምንጮች የተላጠ አሮጌ ቀለም፣ የመኪና ባትሪ የሚፈታበት ግቢ አፈርና ርካሽ ቀለም የተቀቡ መጫወቻዎች ናቸው። የግድግዳ ቀለም እየላጠ የሚበላ ልጅ ካለን ነገሩን ቀላል አንበለው። ስሙ አንድ ሆኖ እንጂ የምንጽፍበት እርሳስ ውስጡ ግራፋይት ነው፤ ይህ መርዝ የለበትም።

«ተው» ከማለት ይልቅ ምን እናድርግ?

መንጠቅ ሳይሆን መለወጥ። አደገኛውን ዕቃ ስንወስድ ወዲያው ሌላ ማኘክ የሚችለውን እንስጠው። ባዶ እጁን የቀረ ልጅ ያለቅሳል፤ ሌላም ይፈልጋል። ለዚህ የሚሆኑ ሦስት አራት ዕቃዎች፣ ለምሳሌ ትልቅ የእንጨት ማንኪያ፣ የድድ ማሻ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ በየቀኑ አጥበን በአንድ ቅርጫት እናዘጋጅለት።

አንድ አጭር ቃል እንምረጥ። እናት «ተው»፣ አባት «አይነካም»፣ አያት «ካካ» ካሉት ልጁ ግራ ይጋባል። ቤተሰቡ ሁሉ፣ የቤት ሠራተኛዋም ጭምር፣ በአንድ ቃልና በረጋ ድምፅ ይናገር። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ አጭር ምክንያት እንጨምርበት፦ «ይህ ሆድ ያማል»፣ «ይህ የሚበላ አይደለም»።

መቼ እንደሚያደርገው እንመልከት። ለሁለት ሦስት ቀን ሰዓቱን ብናስተውል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይገለጣል፦ ከምሳ በፊት ከሆነ ረኀብ፣ ከእንቅልፍ በፊት ከሆነ ድካም፣ ብቻውን ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ፊት ሲቀመጥ ከሆነ መሰልቸት፣ አዲስ ሕፃን ቤት ሲገባ ከሆነ ቅናት ወይም ጭንቀት ነው። መድኃኒቱም እንደ ምክንያቱ ነው።

እጁን ሥራ እናስይዘው። ሊጥ ማቡካት፣ ውኃ ከዕቃ ወደ ዕቃ መገልበጥ፣ ትላልቅ ዕቃ መደራረብ፣ ልብስ ማጠፍ ማገዝ። እጁ የተያዘ ልጅ አፉን ይረሳል።

ስናገኘው እናመስግነው። አንድን ነገር አንስቶ ወደ አፉ ሳይወስድ ለእኛ ሲሰጠን «ማሻአላህ፣ ጎበዝ» እንበለው። ልጅ የሚደጋግመው የተመሰገነበትን ነው።

በጣት ላይ ሚጥሚጣ ወይም በርበሬ መቀባት፣ ማጠን፣ ማቃጠል፣ እጅ ማሰር ፈጽሞ አይደረግም። ዓይን ይጎዳል፣ ትንፋሽ ያውካል፣ ልጁንም ተደብቆ እንዲበላ ያስተምረዋል። ተደብቆ የሚበላ ልጅ ደግሞ በታነቀ ጊዜ አጠገቡ ሰው አይኖርም።

ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ

ከሁለት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ምግብ ያልሆነን ነገር፣ ማለትም አፈር፣ ኖራ፣ ወረቀት፣ ፀጉር፣ ስፖንጅ፣ ከሰል፣ አንድ ወርና ከዚያ በላይ ደጋግሞ የሚበላ ከሆነ ሐኪሞች ፓይካ የሚሉት ችግር ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ መቅመስና መዋጥ ይለያያሉ፤ ዕቃ አፉ ላይ አድርጎ የሚመልሰውና አፈሩን እየፈለገ የሚውጠው ልጅ አንድ አይደሉም።

ከፓይካ ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ የሚገኘው በብረት ንጥረ ነገር እጥረት የሚመጣ የደም ማነስ ነው። የዚንክ እጥረትም ሊኖር ይችላል። ልጁ ፊቱ ገርጥቶ፣ ቶሎ እየደከመ፣ የምግብ ፍላጎቱ ጠፍቶ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃል፤ በሐኪም በታዘዘ የብረት መድኃኒት ሲታከም በብዙ ልጆች ላይ አፈር የመብላቱ ፍላጎት ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። መድኃኒቱን ግን በራሳችን ገዝተን አንስጥ፤ መጠኑ ከበዛ ለሕፃን መርዝ ነው፤ ዕቃውም ከልጆች ይራቅ።

ሁለተኛው ጉዳይ ወስፋት ነው። አፈር ውስጥ ያለው የወስፋት እንቁላል በአፍ ይገባል። ትላትሉ ደግሞ ምግቡን ይሻሙታል፤ አንዳንዶቹም ደሙን ይመጣሉ፤ የደም ማነሱ ይብሳል። በጤና ኬላና በትምህርት ቤት በየጊዜው የሚሰጠው የትላትል መድኃኒት ልጃችንን እንዳያልፈው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ገበታውን እናስተካክል። ሥጋ፣ ጉበት፣ እንቁላል፣ ምስር፣ ባቄላና አረንጓዴ ቅጠል ብረት አላቸው፤ ቲማቲም፣ ሎሚ ወይም ብርቱካን አብሮ ሲኖር የእህሉ ብረት በተሻለ ይመጠጣል። ለልጅ ዳቦ በሻይ ማብላት ግን ተቃራኒውን ይሠራል፤ ሻይ ብረቱ እንዳይመጠጥ ያደርጋል። ከአንድ ዓመት በላይ የሆነ ልጅም በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ የላም ወተት ከጠጣ ሌላውን ምግብ ይተወዋል፤ ደም ማነስም ይከተላል።

ሦስተኛው ጉዳይ የእድገት ሁኔታ ነው። ዕቃ ማኘኩ ብቻውን ምንም አያሳይም። ነገር ግን በሁለትና በሦስት ዓመቱ ሁሉን ወደ አፉ የሚከት ልጅ ከዚያ ጋር ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በጣቱ ጠቁሞ የማያሳይ፣ ንግግሩ የዘገየ ወይም የተናገረውን የተወ ከሆነ ለኦቲዝምና ለሌላ የእድገት መዘግየት መታየት አለበት። በጊዜ የጀመረ ድጋፍ ብዙ ይለውጣል። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ጆይ እና ነህምያ ያሉ የኦቲዝም ማዕከላት አሉ፤ ሌላ ቦታ ያለ ወላጅ ከሕፃናት ሐኪም ይጀምር።

«ጂን ነው ወይ?»

አፈር የሚበላ ልጅ ያለው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ነገሩን ይደብቃል። «ዓይን ነው»፣ «ጂን ነው» ይባላል፤ እናትየዋም «አታበላውም መሰል» ተብላ ትወቀሳለች። ሩቅያ ሸሪዓዊ ነው፤ ለልጅ ቁርኣን መቅራትና ዱዓ ማድረግ ምንጊዜም መልካም ነው። ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መታከምንም አዘዋል። ሩቅያ የደም ምርመራን አይከለክልም፤ የደም ምርመራም ሩቅያን አይከለክልም። ጥፋቱ አንዱን ይዞ ሌላውን ወራት ማዘግየት ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ለሕፃን ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄት ወይም ጭማቂ ማጠጣት ነው፤ አፈር በልቶ ያልሞተ ልጅ በ«መድኃኒቱ» ሊመረዝ ይችላል።

አፈር መብላትን ስለ መከልከል የሚነገሩ ሐዲሶች በሐዲስ ሊቃውንት ዘንድ አልጸኑም። ፉቀሃዎች የከለከሉት ገላን ስለሚጎዳ ነው። ይህ ነፍሰ ጡር እናቶችንም ይመለከታል፤ የአፈር አምሮት የያዛት እናት ደሟን ትመርመር።

አደጋ ሲደርስ

ልጁ ታንቆ ነገር ግን በኃይል እያሳለ፣ ድምፅ እያወጣ ከሆነ እንዲያስል እንተወው፤ አጠገቡ እንሁን። ሳሉ ከደከመ፣ ድምፅ ካጣ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ጊዜ የለም፦

ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ በክንዳችን ላይ በሆዱ አስተኝተን፣ ጭንቅላቱን ከደረቱ ዝቅ አድርገን፣ አገጩን ደግፈን፣ በመዳፋችን ሥር በትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ ጠንከር አድርገን እንምታ። ካልወጣ በጀርባው ገልብጠን በአንድ እጃችን መዳፍ ሥር ደረቱ መካከል፣ ከጡቶቹ መስመር ዝቅ ብሎ፣ አምስት ጊዜ እንጫን። እያፈራረቅን እንቀጥል።

ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ወደ ፊት አጎንብሰን አምስት ጊዜ ጀርባውን እንምታ፤ ካልወጣ ከኋላው ሆነን፣ ጭብጣችንን ከእምብርቱ በላይ ከጎድን አጥንቱ በታች አድርገን አምስት ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ እንሳብ።

ዕቃው ካልታየን በቀር ጣት ወደ ጉሮሮ አናስገባ፤ ወደ ታች ይገፋዋል። ልጁ ራሱን ከሳተ ጠንካራ ወለል ላይ አስተኝተን የልብና የትንፋሽ እርዳታ እንጀምር፣ ሌላ ሰው አምቡላንስ ይጥራ። በኢትዮጵያ 907፣ በሳዑዲ 997፣ በኤምሬትስ 998፣ በአውሮፓ 112፣ በአሜሪካ 911 ነው። በዐረብ ሀገራት የሰው ልጅ የምትጠብቁ እኅቶች ቁጥሩን ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ይሰጣል፤ መድረሳዎችና መስጂዶች ለወላጆች ቢያዘጋጁት ትልቅ ኸይር ነው።

ክብ ባትሪ ውጧል ብለን ከጠረጠርን ምልክት ሳንጠብቅ ወዲያው ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል እንሂድ። ልጁ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ፣ መዋጥ ከቻለና ከዋጠው 12 ሰዓት ካላለፈ በመንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር እስከ ስድስት ጊዜ መስጠት ይቻላል፤ ማሩ ቃጠሎውን ያዘገያል። ማሩ ለመንገድ እንጂ በሐኪሙ ፈንታ አይደለም፤ ማር ፍለጋም አንዘግይ። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ልጅ ማር አይሰጥም። ሌላ ምግብና ማስታወክም የለም።

በረኪና ወይም ላምባ ከጠጣ አናስታውከው፤ ሲመለስ ዳግም ያቃጥላል፣ ወደ ሳንባም ይገባል። ጠርሙሱን ይዘን ወደ ሐኪም ቤት እንሂድ።

በመጨረሻም

ውድ ወላጆች! ልጃችሁ ከሁለት ዓመት በታች ከሆነ ትኩረታችሁ በወለሉ ላይ ይሁን፤ ልጁን ከመቆጣት በፊት ምንጣፉን አጽዱ። ከሁለት ዓመት በላይ ከሆነና ምግብ ያልሆነ ነገር እየዋጠ ከሆነ ትኩረታችሁ በደሙና በእድገቱ ላይ ይሁን፤ ሳትደብቁ ለሐኪም ንገሩ። ዛሬ ከዒሻ ሶላት በኋላ መስገጃችሁን ስታጥፉ መስበሃውንና መቁጠሪያውን ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጡ፤ የሒጃብ ስፒሉን ክደኑ። ጥንቃቄን አድርሶ መመካት በአላህ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን ከአደጋና ከበሽታ ይጠብቅልን፤ የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን።